ቅዳሜ ጠዋት አጥፍተህ አብራ

ሰኞ 4

ቦርሳዬን ገና ሳላስቀምጥ አለቃዬ «በረዶ ቤቱ ያንቺ ነው» አለኝ። በረዶ ቤት የምንለው ታናሽ ወንድሜ የሚሠራበትን ትልቁን የማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ክፍሎቹ የሚቀዘቅዙት በአሞኒያ ነው። አሞኒያ ሲያፈተልክ ዓይን ያቃጥላል፣ ሲበዛ ትንፋሽ ይዘጋል። ይህን የሚጠብቅ አንድ ፕሮግራም አለ፤ በየአምስት ሰከንዱ የክፍሎቹን አየር ይለካል፣ ቁጥሩ ከሃያ አምስት ካለፈ ሳይረኑን ያስጮኻል። ፕሮግራሙ አርጅቷል፣ የጻፈው ሰውም በሕይወት የለም። አዲስ እኔ ልጽፍ ነው።

አለቃዬን ከጀርባው «ነገ ያልቃል» ነው የምንለው። ዛሬም ለመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ በስልክ ያላት ይህንኑ ነው።

ማታ ለወንድሜ ስነግረው ሳቀ። «በቃ ከእንግዲህ እስትንፋሴ በእጅሽ ነው፣ እቴቴ» አለኝ። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና «እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም» አለች።

ማክሰኞ 5

አልሠራም። ቢሮ ውስጥ እንደ ውኃ የሚፈስ ፕሮግራም እዚያ ስወስደው አሮጊቷ አንድ መስመር ጽፋ ዝም አለች፦ ይህ ፕሮግራም ለዚህ ሲስተም አይሆንም።

አሮጊቷ የሚሏት የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ኮምፒውተር ነው። ሊቀይሯት አይችሉም። ከሴንሰሮቹ ጋር የሚያገናኛት ካርድ ለድሮው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብቻ የተሠራ ነው፤ የሠራው ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል። የእኔ ኮምፓይለር የጻፍኩትን ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለውጥ አዲስ ሲስተም አለ ብሎ ነው። ልክ ለልጅ ልጅ የተሰፋ ልብስ ለአያት እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ ሥራዬ ኮምፓይለሩን ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ረቡዕ 6

ሦስት ነገር ቀየርኩ። የድሮውን የኮምፓይለር መሣሪያዎች ስብስብ ጫንኩ፣ ዝቅተኛውን የሲስተም ቁጥር ወደ ድሮው አወረድኩ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪ የሚባሉ ደጋፊ ፋይሎች ሁሉ አብሬ አሰርኩለት። ሦስተኛውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ምሳ ረሳሁ።

ተከፈተ! ከዚያ ወዲያው ሞተ። አሁን ደግሞ ከሲስተሙ የምጠራውን አንድ ተግባር አላገኘሁም ይላል።

ሐሙስ 7

የጠፋው ተግባር ቆጣሪ ነው። ማሽኑ ከተከፈተ ስንት ሚሊሰከንድ እንዳለፈ የሚናገር። ፕሮግራሜ ቀጣዩን ልኬት መቼ እንደሚወስድ የሚያውቀው በእሱ ነው። አዲሱ ሲስተም ትልቅ ቆጣሪ አለው፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢቆጥር አይሞላም። የድሮው ሲስተም ያለው ትንሹ ብቻ ነው፤ አርባ ዘጠኝ ቀን ከአሥራ ሰባት ሰዓት ሲሞላው ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ትክክለኛው መፍትሔ የጊዜውን ክፍል እንደገና መጻፍ ነው። ሁለት ቀን ይወስዳል። «ነገ ያልቃል» በሩ ላይ ቆሞ «ሥራ አስኪያጇን ቅዳሜ እንተክላለን ብያታለሁ» አለኝና ሄደ። እኔም በትልቁ ቦታ ትንሹን የሚተካ አንድ መስመር ጻፍኩ። ለጊዜው ነው። ደግሞስ አሮጊቷ መቼ ሃምሳ ቀን ሳትጠፋ ቆይታ ታውቃለች? የመጋዘኑ ኤሌክትሪሺያን ጋሼ ፊውዝ በየቅዳሜው ጠዋት አጥፍተው ያበሯታል። ስትጠፋ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። ይህንንም ከመስመሩ ጎን ማስታወሻ አድርጌ ጻፍኩት። ከቅዳሜ በኋላ አስተካክለዋለሁ።

ቅዳሜ 9

ተከልን። ሠራ!

የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የተቀደደ ወንበር፣ አሮጊቷ፣ ከጎኗ ባለ ገመድ ስልክ። ስክሪኗ ጠርዝ ላይ በቴፕ የተለጠፈ ቢጫ ወረቀት አለ። በጥንቃቄ በተሳለ እጅ ጽሑፍ «ቅዳሜ ጠዋት አጥፍተህ አብራ። አትርሳ።» ይላል። ጋሼ ፊውዝ ለራሳቸው የጻፉት ነው። ጡረታቸው ደርሷል፣ ግን ሽቦዎቹን ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ የሚለቃቸው የለም። ለምን ፊውዝ እንደተባሉ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ቶሎ ስለምቃጠል ነው» አሉኝ። በሕይወቴ እንደሳቸው የረጋ ሰው አላየሁም።

ቁጥሩ ሦስት፣ አምስት፣ አራት፣ ስድስት እያለ ይጨፍራል። ወንድሜ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ገብቶ ስክሪኑን አየና «ልጅሽ ቁንጥንጥ ናት» አለኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ፕሮግራሟን «ልጅሽ» ማለት ጀመረ።

ማክሰኞ 12

የሰባ ሁለት ሰዓቱ ፍተሻ አለፈ። ቅጹን ፈረምኩ። አለቃዬ ሌላ ሥራ ሰጠኝ። የቆጣሪውን ነገር ሳስብ ነበር፣ ከዚያ ስልክ ተደወለ።

ቅዳሜ 16

ዛሬ ጠብ ነበር። ጋሼ ፊውዝ እንደ ልማዳቸው አሮጊቷን አጥፍተው ሲያበሩ ሥራ አስኪያጇ ከእንግዶች ጋር ገባች። አሮጊቷ እስክትነሳ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ጥቁር ስክሪን እያሳየቻቸው ቆመች። «በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ቢያፈተልክስ? ውስጥ ሰው አለ እኮ!» አለች። እውነቷን ነው። ወንድሜ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ነበር።

ጋሼ ፊውዝ «ሳትጠፋ ከቆየች ትፈዝዛለች፣ እመቤቴ» አሉ። እንግዶቹ ሳቁ።

ሰኞ 18

«ነገ ያልቃል» ጠራኝ። ሥራ አስኪያጇ ደውላ እንደነበረና አዲሱ ፕሮግራም እንደ ድሮው መጥፋት እንደማይፈልግ እንደነገራት አጫወተኝ። «አይፈልግማ፣ አይደል?» አለኝ።

«አይፈልግም» አልኩ። ስለ ድሮው ፕሮግራም ነበር የማስበው። የድሮው የኮምፒውተሯን ሜሞሪ እየበላ ስለሚሄድ መጥፋት ነበረበት፤ የእኔ እንደዚያ አይደለም። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ቅዳሜ 23

ጠዋት ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው። ማንም አልነበረም፣ እኔና እሳቸው ብቻ። ጣታቸው ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይተዉት። ከእንግዲህ አያስፈልግም።»

«ቅዳሜ እኮ ነው።»

«የድሮ ልማድ ነው፣ ጋሼ። አዲሷ አትፈዝዝም።»

«አንቺ ካልሽ» አሉና እጃቸውን አነሱ። ወረቀቱን ከስክሪኑ ላይ ላጥኩት። ለምን እንደላጥኩት አላውቅም፣ ብቻ እዚያ መኖሩ ሥራዬን የሚያማ መሰለኝ። መጣል ግን አልቻልኩም፣ እጅ ጽሑፉ ያምራል። እዚህ ገጽ ላይ በራሱ ቴፕ ለጥፌዋለሁ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር፤ እጃቸው ንጹሕ ነበር። አንድ ሽማግሌ በሥራ ቦታው እንዲህ አይነገረውም። በለሰለሰ አፍ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይህ ሲከነክነኝ ዋለ።

ረቡዕ 27

ወንድሜ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «ሦስተኛው ክፍል ያለው ቫልቭ ትንሽ ይሸታል» አለ። የቫልቩ ማሸጊያ ጎማ አልቋል፣ አዲስ ታዟል፣ አልመጣም። «ስንት ይላል ስክሪኑ?» አልኩት። «ሰባት፣ ስምንት። ልጅሽ ካልጮኸች ሥራ አይቆምም።»

እንዲህ የሚል ደንብ አላቸው። ድሮ ሳይረኑ በሆነ ባልሆነው ስለሚጮህ ሠራተኛው ተሰላችቶ ነበር፤ ስለዚህ አለቃቸው ፎርማኑ አሁን ሽታ የሚባል ነገር አይሰማም። የሚሰማው ስክሪኑን ብቻ ነው።

እሑድ 1

አዲስ ወር። እማዬ «ምን ሆነሽ ነው በሩን ሁለት ጊዜ የምትቆልፊው?» አለችኝ። ቆልፌ መሆኔን ስለማላስታውስ ነው። ካውያውንም ነቅዬ እንደገና ሄጄ አየሁት።

ሐሙስ 5

የረሳሁት ነገር አለ። ምን እንደሆነ ባውቅ። የእማዬን መድኃኒት አመጣሁ። የቢሮውን መስኮት ዘግቻለሁ። የሌላውን ደንበኛ ሥራ አስረክቤያለሁ። ዝርዝር ጽፌ አንድ በአንድ ሰረዝኩ፣ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

ቅዳሜ 14

ጋሼ ፊውዝ ስልክ ደወሉልኝ። በሥራ ጉዳይ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ልጄ፣ እንዴት አደርሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን በወጣኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ላጥፋት? ማንም ሳያይ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ ሲወጡ።»

ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ሳቄ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «ጋሼ፣ ከእሷ ጋር ተላምደዋል እኮ» አልኳቸው። «እያየች ነው ያለችው። ለምን ዓይኗን እንጨፍንባታለን?»

«እሺ። ልቤ ስላልረጋልኝ ነው እንጂ።» ከዚያ ስለ እማዬ ጤና ጠየቁኝና ዘጉ።

ሰኞ 16

ፎርማኑ ወንድሜን ሙሉ በሙሉ ወደ ሦስተኛው ክፍል አዛውሮታል። «ጎበዝ ስለሆንኩ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ሌላው ሰው እምቢ ስላለ ይመስለኛል። ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አባዬ ከሞተ በኋላ ትምህርቱን ሲተው «ቤት አትቀመጥ» ብዬ እጁን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሲታጠብ ልብሱ ውስጥ ያለው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። እማዬ መስኮት ትከፍታለች እንጂ ምንም አትልም።

ቅዳሜ 21

ቁጥሩ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ። ማሸጊያው አሁንም አልመጣም። ልጄ ግን ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ሃያ አምስት ሲያልፍ ትጮኻለች። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ አልኩት?

ረቡዕ 25

ካውያውን ለማየት ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ተመለስኩ። ተነቅሏል። ጎረቤቷ አየችኝና «ያንቺ ነገር እንዴት ነው?» አለች። ሥራ በዝቶብኛል አልኳት።

አለቃዬ በግድግዳው ማዶ ለአንድ ደንበኛ ሲናገር ሰማሁት። «የበረዶ ቤቱን ሄደው ይዩ፤ ከተከልናት ጀምሮ አንዲት ደቂቃ አልጠፋችም» ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ከሞተ ሰው ላይ የተዋስኩትን ልብስ ያመሰገኑልኝ መሰለኝ።

ዓርብ 4

ሌላ ወር። ሥራ አስኪያጇ የምስክር ወረቀት ትፈልጋለች፤ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው። አለቃዬ «ያለ ማቋረጥ ስንት ቀን እንደሠራች ጻፊ፣ ቁጥር ጥሩ ነው» አለኝ። መጨረሻ ያጠፏት በተከልንበት ወር፣ በ16ኛው ቀን ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ። ነገ ቅዳሜ ደብዳቤው ሥራ አስኪያጇ ጋ ሲደርስ አሮጊቷ ሰባት ሳምንት ይሞላታል።

በትልቅ ፊደል ጻፍኩት፦ አርባ ዘጠኝ ቀን ያለ ማቋረጥ።

ቁጥሩን ስጽፍ እጄ ቆመ። የት እንዳየሁት ላስታውስ ሞከርኩ፤ የቤት ቁጥር ይሁን፣ የአውቶቡስ። አለቃዬ «ነገ ጠዋት ይድረሳት» አለና ከእጄ ወሰደው።

እሑድ 6

ዛሬ ወንድሜ ተረኛ ነበር። ማታ እግሩን ዘርግቶ ሻይ እየጠጣ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ልጅሽ ጨዋ ሆናለች። ቀኑን ሙሉ አራት ነጥብ አንድ።»

«ትናንት አሥራ ሁለት ስትል አልነበረም እንዴ? ቫልቩ ተሠራ?»

«ምን ተሠራ! ዛሬ እንደውም ዓይኔን አሳጣኝ። ጋሼ ፊውዝ ይሸታል ይሸታል ብለው ፎርማኑን ሲነዘንዙት ዋሉ፣ እሱ ደግሞ ስክሪኑን እያሳየ 'አራት ነው፣ አባቴ፣ አራት' ይላቸዋል።»

«ሰዓቱስ? ስክሪኑ ላይ ያለው ሰዓት ይሄዳል?»

«ይሄዳላ። አረንጓዴው መብራትም በርቷል። ምን ሆንሽ?»

ምንም አልኩት። ሰዓቱ ከሄደ ፕሮግራሙ ሕያው ነው ማለት ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየሩ ይረጋል፣ ቀንም እንደዚያው ቆይቶ ይሆናል። ነገ ጠዋት እደውላለሁ። በሩን ቆልፌያለሁ። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ።

ሰኞ 7

4:25። ለአዲሱ ደንበኛ የኮምፓይለሩን አሠራር ልቀዳ የበረዶ ቤቱን ፋይል ከፈትኩ። የራሴ ማስታወሻ፦ «ለጊዜው። በየቅዳሜው ስለሚጠፋ ችግር የለም።» አርባ ዘጠኝ ቀኑ አልፏል፤ ቆጣሪው ዜሮ ገብቶ ቀጣዩን ልኬት አይጠራም፣ አራት ነጥብ አንድ የቆመ ቁጥር ነው።

4:27። የወንድሜ ስልክ አይነሳም። ስልካቸውን ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት።

4:29። የፎርማኑ ስልክ ተይዟል። ተይዟል። ተይዟል።

4:31። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስልክ

ማክሰኞ 8

ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ። እንደሆነው እጽፈዋለሁ፣ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ።

ስልኩን ያነሱት ጋሼ ፊውዝ ናቸው።

«ጋሼ፣ ያጥፏት! አሁኑኑ አጥፍተው ያብሯት!»

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሊቀልዱብኝ አልነበረም፣ ግራ ገብቷቸው ነው።

«ፈዝዛለች፣ ጋሼ። ከቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ምንም አታይም። ቁጥሩ ውሸት ነው።»

ማጥፊያው ሲጫን ሰማሁ፣ ከዚያ ስትበራ የምታሰማውን ድምፅ። «ልጆቹ ሦስተኛው ክፍል ናቸው» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሮጡ። አልዘጉትም። ጫማቸው ኮሪደሩ ላይ ሲርቅ ሰማሁ።

ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ። ባዶ ክፍል ምን ድምፅ እንዳለው አሁን አውቃለሁ። የአሮጊቷ ማራገቢያ ይጮኻል፣ ወንበሩ አንድ ጊዜ ይንቋቋል። ስልኩን ዘግቼ ለሌላ ሰው መደወል ነበር የሚገባኝ። አለቃዬ በሌላ ስልክ ለእሳት አደጋ ደወለ፣ እኔ ግን ጆሮዬን ከዚያ ማላቀቅ አልቻልኩም።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ፕሮግራሟ ተነሳችና የመጀመሪያውን ንባብ አነበበች። ሳይረኑ ጮኸ። ልጄ በትክክል ሠራች።

ሠራተኞቹ እንደሚሉት ቫልቩ የለቀቀው ጋሼ ፊውዝ ከመግባታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እርጥብ ጨርቅ አፋቸው ላይ አስረው ገቡ፤ አንደኛውን ጎትተው አወጡ፣ ተመልሰው ወንድሜን አወጡ። ከዚያ ቫልቩን በእጅ ለመዝጋት ሦስተኛ ጊዜ ገቡ። ዘግተውታል። አልወጡም።

ወንድሜ ዓይኑ ታስሯል፣ ድምፅ የለውም። ሐኪሟ ዓይኑ ይድናል፣ ሳንባው ጊዜ ይፈልጋል አለች። እማዬ እጁን ይዛ ተቀምጣለች። ወደ እኔ አታይም፤ ወይም እኔ ነኝ ወደ እሷ የማላየው።

ሐሙስ 10

የጋሼ ፊውዝ ቀብር ላይ ከኋላ ቆምኩ። ሴት ልጃቸው ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። እጄን ይዛ «አባዬ ስለ አንቺ ያወሩልን ነበር፣ ጎበዟ ልጅ ይሉሽ ነበር» አለችኝ።

ዓርብ 11

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቴክኒካል ሪፖርቱን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ በር ዘግተን ተቀመጥን።

አለቃዬ «እዪ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማሽኑን በየሳምንቱ ማጥፋት የጋሼ ፊውዝ የሥራ ዝርዝር ላይ ተጽፏል። ሰውዬው አቁመዋል። ተው ያላቸው ወረቀት የለም። እኔ በጽሑፍ ያዘዝኩት ነገር የለም፣ ሥራ አስኪያጇም የለም ትላለች። አንቺም በጽሑፍ አላልሽ፣ አይደል?»

የእስክሪብቶዬን ክዳን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«ስክሪኑ ላይ ማስታወሻ ነበር አሉ፣ ማን እንዳነሳው አይታወቅም። ሽማግሌ ናቸው፣ ይረሳሉ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አሁን ምንም አይጎዳቸውም። ወንድምሽ ደግሞ ነገም እዚያው ነው የሚሠራው።»

ሪፖርቱን ጀመርኩ። «ማሽኑ በተለመደው ጊዜ ባለመጥፋቱ» ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት የለበትም። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም።

ማክሰኞ 15

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጣ። ክፍሉን ሽታው ስላልለቀቀው የኔን ክፍል ለቀቅኩለት፤ እኔ ከእማዬ ጋር አደርኩ። ድምፁ እንደ ወረቀት ይሻክራል። ጥፋቱ የጋሼ ፊውዝ ከሆነ የጡረታ ካሳው ለሴት ልጃቸው ይከለከላል ሲባል ሰምቷል። «እቴቴ፣ እሳቸው ቅዳሜ ረስተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «አንድ ቀን ምሳ ላይ 'እህትህ ወረቀቴን ወስዳብኛለች፣ ሌላ እንዳልጽፍ ደግሞ ታየኛለች' ብለው አስቀውኝ ነበር» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሊተኛ ነው ብዬ መብራቱን አጠፋሁለት። ይህን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ረሳሁ፤ የማክሰኞውን የምጽፈው በማግስቱ ነው።

ረቡዕ 16

ጠዋት ኮሚቴው በአራት ሰዓት ይሰበሰባል። ወንድሜ ቃሉን ሊሰጥ ተጠርቷል፣ እኔ ሪፖርቴን ላቀርብ። ቁርስ አልበላም። ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ የደረት ኪሱን ቆልፎ በሩ ላይ ቆመ።

«ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ ወይስ ልቅደም?»

ታክሲ ስለ መጥራት የሚያወራ መስሎኝ «ቅደም፣ አንዲት ገጽ ቀርታኛለች» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ደረጃውን ሲወርድ በየሦስት እርከኑ እየቆመ ይተነፍሳል።

ከዚያ ገባሁና ደብተሩን ከፈትኩ። ቅዳሜ 23 ገጽ ላይ ወረቀቱ የለም። የቴፑ ምልክት ብቻ አለ፣ አራት ማዕዘን፣ ከገጹ ትንሽ ነጣ ያለ። የቆለፈው የደረት ኪሱ ትዝ አለኝ።

አልተናደድኩም። የመጀመሪያው ስሜቴ ምን እንደነበር ልጻፈው፤ ዕረፍት ነበር። ሁለተኛው ኀፍረት። ሊከሰኝ ቢፈልግ ጠዋት አይጠይቀኝም ነበር። እስከ በሩ ድረስ ጠብቆኛል፣ ቅደም ያልኩት እኔ ነኝ።

3:40 ነው። ሪፖርቱን ቀድጄ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቆጣሪው በአርባ ዘጠኝ ቀን ወደ ዜሮ እንደሚመለስ አውቅ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ በየቅዳሜው ስለሚያጠፉት አያሰጋም ብዬ ተውኩት። ማጥፋቱን ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አልረሱም።»

በሩን አንድ ጊዜ ብቻ ቆልፌ ልሮጥ። በየሦስት እርከኑ እየቆመ ስለሚወርድ ታክሲ የሚያዝበት አደባባይ ጋ እደርስበታለሁ።